ፎረንሲክ ለመማር ለምትመዘገቡ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የኮምፒውተር ፎረንሲክ (ከኮምፒውተርና ከዲስክ የወንጀል ማስረጃ የማውጣት ሥራ) ባለሙያ ለመሆን የሚመኙ ልጆች የትምህርት ክፍሉን ስም ብቻ አይተው ሲመዘገቡ ያሳስበኛል። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሩ እላለሁ። ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው ድራሹ አይጠፋም። ሌላ መረጃ እስኪጻፍበት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ፖሊስ ነፍሰ ገዳዩን ዴኒስ ሬደርን የደረሰበት፣ ራሱ በላከው ፍሎፒ ዲስክ ላይ ከነበረ የተሰረዘ ሰነድ ተነስቶ ነው። የተሰረዘ ፋይል ለምን እንደሚቆይ በደንብ የሚያስረዳው ብዙዎች የሚሰላቹበት የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ነው።

ሕጉንም አትናቁ። ማስረጃውን ማን፣ መቼ እንደነካው ያልመዘገበ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ምን ይላል?

ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፦ ተማሪው በገዛ እጁ ዲስክ ይገለብጣል? ቅጂው ከዋናው አንድ መሆኑንስ በሃሽ (ከዲስኩ ይዘት ተሰልቶ በሚወጣ መለያ ቁጥር) ያረጋግጣል? አውቶፕሲ የሚባለው የዲስክ መመርመሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ዛሬውኑ አውርዳችሁ ሞክሩት።

አክባሪዎ አንባቢ