ለአሮጌ ሴሊካ ሞተር የምትቀይሩ፣ ሞተሩን መጨረሻ ግዙ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የቆየ መኪና የሚጣል ነገር መሆኑ ቀርቷል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችበት ሰው «ሞተር ቀይሬ ላስነሳት» ቢል አይፈረድበትም። አካሄዱ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሞተር ይገዛል፣ መግጠም አለመግጠሙ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ የተጀመረ መኪና ኮፈኑ ተነቅሎ ጋራዥ ጥግ ይከርማል።

ብዙዎች የሚመኙትን ቅየራ ልውሰድ፤ የሴሊካዋ ሞተር፣ ሁለት ሊትሩ 18 አር፣ ወጥቶ የሃይሉክስ ፒክአፕ 2.4 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ 22 አር፣ ይገባል። ለጀማሪ ምርጫው ጥሩ ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለውን ብቻ ፈልጉ፤ ኢንጄክሽን (ነዳጅ በኮምፒውተር እየተመጠነ የሚረጭበት) ያለው 22 አር ኢ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። የኢንጄክሽኑ ፖምፓ 2.5 ባር ገደማ ሲገፋ የካርቡራተሩ 0.3 ባር ቢደርስ ነው። ስለዚህ ከሳልቫትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) ጀምሮ ቱቦው ሁሉ ሊቀየር ነው፣ ኮምፒውተሩና ሽቦው ሳይቆጠር።

«ሁለቱም አር ናቸው፣ ይገጥማሉ» የሚለውን አትመኑ። የ18 አር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በ22 አር ጀርባ ላይ እንዲሁ አይታሰርም፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹ አይገናኙም። ደብሊው 50 የሚባለው ካምቢዮ ላይ ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነው ቤት ተፈትቶ የሚወጣ ስለሆነ የ20 አር ወይም የ22 አር ቤት ፈልጎ መቀየር ይቻላል። እሱ ከጠፋ ሞተሩን ከነካምቢዮው መግዛት ነው። ያኔ ግን የማርሽ ዱላው የሚወጣበት ቦታ ከሴሊካው ወለል ቀዳዳ ጋር መገናኘቱን ብር ከመክፈላችሁ በፊት በሜትር ለኩ። የፍሪሲዮን ዲስኩ ጥርስ ከካምቢዮው ግንድ፣ ስፋቱ ደግሞ ከቮላኖው (ሞተሩ ጀርባ ላይ ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ይስማማ። ቮላኖው መሃል ያለችውን ትንሽ ኩሽኔታ በአዲስ ቀይሩ፤ ዋጋዋ ከቁጥር አይገባም፣ ለእሷ ሲባል ካምቢዮ እንደገና ማውረድ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ጋራዦቻችን የሚንቁት ነገር አለ። ሞተሩንና ካምቢዮውን መሃል ለመሃል የሚያስይዙ ሁለት ትናንሽ የብረት ፒኖች አሉ። ሞተር ሲወርድ ይጠፋሉ፣ ማንም አይፈልጋቸውም። ቡሎን ያጠብቃል እንጂ መሃል አያስይዝም። ፒኖቹ ከሌሉ የካምቢዮው ግንድ ጠማማ ሆኖ ይዞራል፣ ውሎ አድሮ የፊት ኩሽኔታው መጮህ ይጀምራል፤ ጥፋቱም «ካምቢዮው አሮጌ ነበር» ተብሎ ይዘጋል።

ሞተር ስትመርጡ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) አስለኩ። ለ22 አር ፋብሪካው ያወጣው ልክ በካሬ ሴንቲ ሜትር 12 ኪሎ፣ ዝቅተኛው 10 ነው። ይህ ግን ለባሕር ጠለል አካባቢ የተጻፈ ቁጥር ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ በአንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ9 እስከ 9.5 ቢያሳይ ደግ ነው። በመጽሐፉ ቁጥር ደህና ሞተር የሚጥል መካኒክ አለ፣ በቆላ የተለካ ቁጥር ይዞ የሚሸጥ ነጋዴም አለ። ይበልጥ የሚያስተማምነው በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ኪሎ አይለፍ። ሲለካ ሞተሩ የሞቀ፣ ካንዴላዎቹ አራቱም የወጡ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ የተረገጠ ይሁን። ሳይረገጥ የተለካ ቁጥር አይረባም።

ቀጥሎ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። 22 አር ላይ ሰንሰለቱን ግራና ቀኝ የሚይዙት መሪዎች ፕላስቲክ ናቸው፣ ሲያረጁ ይሰበራሉ። ያን ጊዜ ሰንሰለቱ የሞተሩን የፊት ክዳን እየፈገፈገ ይበሳዋል፤ ከክዳኑ ጀርባ የውኃ መተላለፊያ ስላለ ውኃ ከዘይት ይቀላቀላል። የቫልቭ ክዳኑን አስከፍታችሁ በእጅ ባትሪ ወደ ታች እዩ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ወይም ሻጩ ክዳኑን አላስከፍትም ካለ ወደ ሌላ ሞተር ሂዱ።

ሲገጠም ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ላይ ታስረው በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) ይውረዱ፤ መያዣዎቹ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዙ። በካርተሩ (በሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ) እና በትራቨርሳው (ከሥሩ በሚያልፈው አግድም ብረት) መካከል፣ እንዲሁም ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር፣ በማራገቢያውና በራዲያተሩ መካከል 2.5 ይቅር፤ ሞተር በመያዣዎቹ ጎማ ላይ ይወዛወዛል። የኮፈኑን ለማወቅ አየር ማጣሪያው ላይ ድብልብል ሊጥ አስቀምጣችሁ ኮፈኑን ዝጉና ክፈቱ፤ የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት የቀረላችሁን ቦታ ይነግራችኋል። የመያዣዎቹን ጎማ አስወግዶ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር በብረት የሚያስር ብየዳ ከቀረበላችሁ እምቢ በሉ። ከመበየድ በፊት ባትሪውና ዲናሞው ይፈቱ።

ትራስሚሲዮኑ (ጉልበቱን ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክሰል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) የሚቆረጠው ሞተሩ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው ጫፍ እስከ መጨረሻ ከተገፋበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለስ፣ አለዚያ የኋላው አክሰል ሲነሳ ካምቢዮውን ይወጋዋል። የካምቢዮው ግንድና የዲፈረንሻሉ ግንድ ትይዩ ይሁኑ፣ ልዩነታቸው ከ1 ዲግሪ አይብለጥ። በፍጥነት ሲነዳ ወለሉ የሚንቀጠቀጥ መኪና ብዙውን ጊዜ ጎማው ሳይሆን ይህ ነው የጎደለው።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ ስለሚይዘው ቴርሞስታት ሳልናገር አላልፍም። «አገራችን ሞቃት ነው» እያሉ አውጥተው የሚጥሉ አሉ። ጎንደር ላይ በክፍት ዕቃ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የ22 አር ቴርሞስታት የሚከፈተው በ88 ነው። በመካከል ያለው 5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ደህና ክዳን መፍያውን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። አዲስ ክዳን ግዙ፣ ቴርሞስታቱን ተዉት። ያለ እሱ ጠዋት በብርድ የተነሳ ሞተር በቶሎ አይሞቅም፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ዘይቱን ያቀጥነዋል።

ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል። ጂግለሩን (ነዳጁን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ይበቃል። መኪናዋ መተማ የምትወርድ ከሆነ ግን የወጣውን ጂግለር አትጣሉ፤ ታች ነዳጅ ካነሳት ሞተሩ ይግላል። ጉልበቱንም በልኩ ጠብቁ፣ 100 ፈረስ የተባለው እዚህ 80 ገደማ ነው።

በሽቦ በኩል ሁለት ነገር ብቻ። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የኔጌቲቭ ገመድ ከተረሳ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) የሚስበው ኮረንቲ በነዳጅ መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል፣ ገመዱም ይቃጠላል። አዲሱ ዲናሞ ሬጉላተሩ (ቻርጁን የሚመጥነው ዕቃ) ውስጡ ያለ ከሆነ ደግሞ ለብቻው የነበረው አሮጌው ሬጉላተር ከመስመሩ ይውጣ።

ከመነሳቱ በፊት ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩት፣ 10 ሰከንድ እያዞራችሁ እያሳረፋችሁ። ወራት የቆመ ሞተር የዘይት ፖምፓው ይደርቃል። የመጀመሪያው ሙከራ ፍሬኑ ከታደሰ በኋላ በአዘዞ መንገድ ይሁን፣ ወደ ደባርቅ ዳገት አትቸኩሉ።

የቀረው ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ቁጥሩ የማይገናኝ መኪና ቦሎም ሽያጭም ላይ ያስቸግራል። ከሽያጭ ውሉ ጋር የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም ሞተሩ የወጣበትን መኪና የሊብሬ ቅጂ ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ። የሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ለሞተር ለውጥ የሚጠይቃቸውን ሰነዶች ዘርዝሮ በሩ ላይ ቢለጥፍ ባለመኪናው ሥራው ካለቀ በኋላ አይመላለስም ነበር። ጋራዦች ደግሞ ብረት ከመቁረጣቸው በፊት ከላይ ያሉትን ልኮች በወረቀት ጽፈው ለባለቤቱ ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋራዥ ባለሙያ፣ ከጎንደር