ክረምቱ ሳይገባ የመንዝ ወጣቶች ቤት ጣራ እንዲከደን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማማ፣ የላሎና የጌራ ልጆች፤ በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃን፣ በአረብ አገራት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የምትኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፤ ባላችሁበት ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ወሬው ለብዙዎቻችሁ ሳይደርስ አልቀረም። ግንቦት መግቢያ ላይ ከበረዶ ጋር የመጣው ነፋስ የቀበሌያችንን ወጣቶች የሥልጠናና የባና (ከበግ ፀጉር የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ) መሥሪያ ቤት ጣራ ከግማሽ በላይ ገንጥሎ ወስዶታል። ቆርቆሮው ከነማገሩ ተነቅሎ ከወንዙ ማዶ ገብስ ማሳ ውስጥ ተጣጥፎ ነው የተገኘው። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበረ ልጆቹ አልነበሩም፤ ሰው አልተጎዳም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ታጥቦ የተከመረው የበግ ፀጉር ግን በረዶ በላው፤ ሁለት የሽመና ዕቃዎችም ተሰባብረዋል። የበጉ ሚዛንና መዝገቦቹ በግምጃ ቤቱ በኩል ስለነበሩ ተርፈዋል።

አሁን የሚያስጨንቀን ከሄደው ጣራ ይልቅ የቆመው ግድግዳ ነው። ግድግዳው የተገነባው በድንጋይና በጭቃ ነው። ያለ ክዳን የመንዝን ክረምት አይችልም። ሐምሌ ላይ ጭቃው መታጠብ ከጀመረ ድንጋዩ ይናዳል፤ ያኔ የምንለምነው የቆርቆሮ ሳይሆን የቤት ዋጋ ይሆናል። ሸራ ወጥረንበታል፤ ነፋሱ ግን ሸራውን በየሌሊቱ ይገልጠዋል፤ ልጆቹም ተራ ገብተው በውርጭ ያድራሉ።

ይህን ቤት ለምን እንደጀመርነው አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «ወጣት ተብሎ ስንት ጊዜ ይዋጣል?» የሚል ቃል ስለምንሰማ ነገሩን ከሥሩ ማንሳት ግድ ሆኖብናል።

በክልላችን የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ የገበሬ ልጅ አባቱ ከማሳው ቆርሶ ካልሰጠው በቀር መሬት የለውም። የአባትየው ማሳ ደግሞ ለራሱም የማይበቃ ነው፤ በልግ ከቀረ ወይም ውርጭ ገብሱን ከመታው ጎተራው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ልጅ ምርጫው ደብረ ብርሃን ሄዶ ቀን ሥራ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ዘበኝነት፣ ሴት ከሆነች ደግሞ ወደ አረብ አገር መሄድ ነበር። በክልል ደረጃ የገጠር ወጣቶችን የማደራጀት ሥራ ሲጀመር፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ሲያቋቁም፣ የእኛም ልጆች በማኅበር ተደራጅተው በቡድን ዋስትና ብድር ወሰዱ። በየወረዳው ከተደራጁት ውስጥ ብዙዎቹ ብሩን ተካፍለው መበተናቸውን እናውቃለን፤ አንክድም። የእኛዎቹ ግን ብድራቸውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መልሰዋል። በያኔው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ የተሰጣቸው የመዝጊያ ደብዳቤ በኮሚቴው ፋይል ውስጥ አለ፤ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው።

ልጆቹ የተነሡት በግ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልና ከእርሱ ጋር በሚሠሩት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ድርጅቶች፣ በኢካርዳና በኢልሪ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ የተጀመረውን ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ አይተው፣ «እኛም ቀበሌ ይሁን» ብለው ጠየቁ። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ድሮ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ገበያ ይወጣል፤ እቤት ቀርቶ ዘር የሚጥለው ገዢ ያጣው ቀጭኑ ነው። በዚህ ዓይነት የመንዝ በግ በየዓመቱ በገዛ እጃችን ሲያንስ ኖረ። አሁን የተወለደው ሁሉ የጆሮ ቁጥር ይታሠርለታል፤ እናቱ፣ አባቱ፣ የተወለደበት ቀን ይጻፋል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፤ ዓመት ሲደርስ ደግሞ የመጨረሻው ምርጫ ይደረጋል።

የምርጫውን ቀን ያየ ሰው ስለነዚህ ልጆች ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። አውራዎቹ በጠዋት ሜዳው ላይ ይሰበሰባሉ፤ በጀርባቸው ላይ ቁጥር በቀለም ይጻፋል። ልጆቹ መዝገቡን ይዘው የእያንዳንዱን ክብደት ጮክ ብለው ያነባሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፤ ላቱን በእጃቸው ይመዝናሉ፣ ቀንዱን፣ የፀጉሩን ቀለም፣ የጀርባውን ርዝመት ያያሉ። አንዳንዴ መዝገቡ አንደኛ ያለውን ሽማግሌዎቹ «ይህማ እግሩ ደካማ ነው» ብለው ይጥሉታል፤ ክርክር ይነሳል፤ ዕድሜዋ 20 ዓመት እንኳ ያልሞላት መዝጋቢ ከአያቷ ጓደኛ ጋር ወረቀት ይዛ ስትከራከር አይተናል፤ አሸንፋለችም። የተመረጠው አውራ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ ለሁሉም ያገለግላል፤ ወንድም ከእህት እንዳይራባም ጊዜው ሲደርስ ይቀየራል። ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ይደልብና ሙክት ሆኖ ለበዓል ይሸጣል። የማድለቡን ሥራ የያዙት መሬት የሌላቸው ወጣቶች ናቸው፤ ኑሯቸውም ከዚያ ነው።

ፀጉሩ ሁለተኛው ሥራ ነው። ባና መንዝን የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያውቀው ነው፤ ዛሬ ግን በፋብሪካ ብርድ ልብስ ተተክቶ የሚሠራው እያረጀ ነበር። ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት እህታችን ያጠራቀመችውን ይዛ ገባች፤ ሴቶቹን አሰባስባ ማጠቡን፣ መንደፉን፣ መፍተሉን አስያዘች። ሽመናውን የሚያስተምሩት ሁለት አረጋውያን ናቸው። ቤቱን ያስጀመረንም ይህ ነው፤ በክረምት በየጎጆው ጭስ ውስጥ ፀጉር ሊደርቅም ሊሸመንም ስላልተቻለ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። በመጀመሪያው ዙር ያዋጣችሁት በአራት ነገር ላይ ወጥቷል፤ ለመሠረትና ለግድግዳ ድንጋይ ማስጠረቢያና ማጓጓዣ፣ ለቆርቆሮና ለእንጨት፣ ለበጉ ሚዛን፣ ለአውራ በጎች ግዥ። «ቤቱ ሳያልቅ አውራ በግ ምን ያደርጋል?» ብለው የጠየቁ አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለን። ቤት ብቻውን አይወልድም። አውራዎቹ በዚያ ዓመት ባይገዙ ኖሮ የዘንድሮዎቹ ግልገሎች አይኖሩም ነበር፤ ልጆቹም የጥበቃና የመዝጋቢ ወጪያቸውን ከራሳቸው ሽያጭ ሊችሉ አይችሉም ነበር። ዛሬ ያንን ወጪ ከእናንተ አንጠይቅም። የኮሚቴ አባላት አበል ወስደው አያውቁም፤ ደብረ ብርሃን ለዕቃ ግዥ ስንወርድ የመኪናውን የከፈልነው ከኪሳችን ነው። እያንዳንዱ ደረሰኝ በቀበሌው ጉባኤ ፊት ተነቧል።

ጣራው ለምን በረረ ለሚለውም፤ በውሉ ላይ ማገሩ ከግድግዳው ጋር በብረት እንዲታሠር በግልጽ ተጽፏል። ሥራውን በኮንትራት የወሰደው ባለሙያ ግን በሚስማር ብቻ መትቶ፣ ከላይ ስለተከደነ የማይታየውን ቦታ ሁሉ እንዲሁ ትቶት ኖሯል። ጉዳዩ በሽማግሌ ተይዟል፤ ካልሆነም በሕግ እንሄድበታለን። ሽምግልናው እስኪያልቅ ግን ዝናቡ አይጠብቀንም።

ሁለተኛው ዙር መዋጮ ከተጀመረ ቆይቷል። እውነቱን እንናገር፤ ቆሟል። ቃል የገቡ ብዙ ናቸው፤ ያስገቡ ጥቂት። ባለፉት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሙክቶቹ ገበያ ሳይደርሱ መኖ ሲበሉ ከርመዋል፤ ከዚያ ሊገኝ የነበረው ገንዘብም ቀርቷል። እናንተም ኑሮ ከብዶባችኋል፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለታመመ፣ ለተፈናቀለ፣ ለሁሉም እጃችሁ ተዘርግቷል። ደክሟችኋል፤ እኛም ደክሞናል። ልጆቹ ግን አልደከሙም፤ ያንን ቆርቆሮ ከማዶ ተሸክመው አምጥተው በመዶሻ ሲያቀኑ ውለዋል። ከተበተነውም ከቀረውም 40 ቅጠል ያህል ለዳግም አገልግሎት ይሆናል።

የጓሳን ጥበቃ የጀመሩት የአባቶቻችን የአስቦና የጌራ ልጆች ነን። አባቶቻችን ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ የሣር ምድር፣ ቀሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቁ ሣሩ ለጎጆ ክዳን፣ ለገመድ፣ ለድርቅ ጊዜ ከብት እንዲተርፍ ብለው ነው። ለዓመታት ዘግተው ይጠብቁታል፤ የረሀብ ዓመት እንኳ ካልተፈቀደ ማንም አይገባበትም ነበር። ማንም ከውጭ ገንዘብ አልሰጣቸውም። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ ድረስ ያሉት ያ ትውልድ ለማያየው የልጅ ልጅ ብሎ ስለታገሠ ነው። ነህምያም የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ከዚያ ግን ተነሥቶ ሕዝቡን አስተባብሮ ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር እንዲሠሩ አደረገ። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ያህል ነው፤ በየአቅማችን በየፊታችን ያለውን። በእስልምና እምነት ያላችሁ የአካባቢያችን ልጆችም በመጀመሪያው ዙር ቀድማችሁ እንደደረሳችሁልን አንረሳም።

የሚያስፈልገው በጠቅላላው 180 ቅጠል ቆርቆሮ ነው። 40ው ከድሮው፣ 30ው ከአዲስ አበባ ተወላጆች ማኅበር ቃል ተገብቷል፤ የቀረው 110 ነው። በተጨማሪ የጣራ ሚስማር ከነጎማው፣ ለግድግዳው አናት ዙሪያ ማሰሪያ የሚሆን ሲሚንቶና ብረት ያስፈልጋል፤ ይህን ካላሠርን ነፋሱ ተመልሶ ይመጣል። የባሕር ዛፍ እንጨቱንና ጉልበቱን የቀበሌው ሕዝብ ይችላል። የቆርቆሮ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የብር ተመን አልጻፍንም፤ አንድ ሰው አንድ ቅጠል፣ የቻለ ሁለት፣ ያልቻለ ከጓደኛው ጋር ግማሽ።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። ገንዘብ የሚገባው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። የሂሳብ ቁጥሩ ማኅተምና የሦስት ሰው ፊርማ ባለበት ደብዳቤ ላይ ለየዕድሩና ለየተወላጅ ማኅበሩ ተወካይ ተልኳል፤ ከተወካያችሁ ጠይቁ። ከሂሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በሦስቱ ፈራሚዎች ጣምራ ፊርማ ነው። ከውጭ የምትልኩም በባንክ በኩል ወደዚሁ ሂሳብ ላኩ። እንደገና እንላለን፤ በግለሰብ ስልክ ወይም በግለሰብ ሂሳብ ላኩ የሚላችሁ ካለ ከእኛ አይደለም፤ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ስም ቢጠቀስም አትላኩ። ያስገባችሁበትን ደረሰኝ ፎቶ ለተወካያችሁ ስጡ፤ ስማችሁና መጠኑ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ስሙ እንዳይነበብ የሚፈልግም ይህንኑ ይንገረን። ቆርቆሮ፣ ሚስማር ወይም ሲሚንቶ በዓይነት ለምትሰጡ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ተረክቦ በደረሰኝ የሚጭን የኮሚቴ አባል ተመድቧል፤ ስሙ በዚያው ባለ ማኅተም ደብዳቤ ላይ አለ።

አናጢዎቹ ሰኔ 5 ሥራ እንዲጀምሩ ተነጋግረናል፤ ለሰኔ ሚካኤል ከድነን መጨረስ ነው ሐሳባችን። ስለዚህ ቃል የገባችሁም አዲስ የምትሰጡም እስከ ሰኔ 3 ድረስ በባለ ማኅተሙ ደብዳቤ ላይ ባለው የኮሚቴው ሂሳብ፣ በዚያ ብቻ፣ እንድታስገቡልን በእግዚአብሔር ስም እንለምናለን።

የወጣቶች ቤት አሠሪ ኮሚቴ