ሳላየው እንዳትፈርሚ

ልጄ፣ የኔ እመቤት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን የምጽፍልሽ ኦሃዮ ውስጥ አንድ የትራክ ማቆሚያ ላይ ሆኜ ነው። አሥር ሰዓት የማረፍ ግዴታ አለብኝ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ልደውልልሽ አስቤ ተውኩት። ስደውል «አባዬ፣ አልገባህም» ትያለሽ፣ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ስልኩን ለእናትሽ ትሰጫታለሽ። ጽሑፍ ግን ብትናደጂም ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ።

አክስትሽ ትናንት ደውላልኝ ነበር። ለሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ትምህርትሽ ከባንክ ለምትወስጂው ብድር ኮሳይን እንድታደርግልሽ፣ ማለትም አንቺ ካልከፈልሽ እሷ ልትከፍል እንድትፈርም፣ ጠይቀሻታል። እሷማ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። «ኢንጂነር ልትሆንልን አይደል? አንድ ፊርማ ምን አላት!» አለችኝ። እኔ ክው አልኩ። ልጄ፣ እኔ ሳላየው እንዳትፈርሚ። እሷንም እንዳታስፈርሚ።

አክስትሽ ነገሩ እንደ አገር ቤቱ ወጪ መጋራት መስሏታል። ያኛው ሥራ ስትይዢ ከደሞዝሽ ላይ የሚቆረጥ የመንግሥት ሒሳብ ነው። ይሄኛው የባንክ ዕዳ ነው። አንቺ መክፈል ካቃተሽ ባንኩ ቀጥታ ወደ እሷ ነው የሚሄደው፣ ልክ ራሷ እንደተበደረችው። ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ያጠራቀመችውን ታውቂያለሽ። ያቺን ቤት እንዴት እንደገዛቻትም ታውቂያለሽ።

እናትሽ የኮሌጁን ደብዳቤ ፎቶ ልካልኝ ደጋግሜ አየሁት። የዓመቱ ወጪ 58 ሺህ ዶላር ነው። ኮሌጁ በነጻ የሚሰጥሽ 26 ሺህ፤ እስከዚህ ድረስ እግዜር ይስጣቸው። ከሥሩ በአንቺ ስም የፌዴራል ብድር 5,500። ከዚያ ፓረንት ፕላስ፣ ማለትም ወላጅ የሚበደረው የፌዴራል ብድር፣ 20 ሺህ። ስጦታውም ዕዳውም «አዋርድ» (ሽልማት) በሚል አንድ ርዕስ ሥር ተደርድሯል። መጀመሪያ ሳየው እኔም ሁሉን የሰጡሽ መስሎኝ ነበር። የጎደለችው 6,500 ናት አክስትሽ ጋ የሄደችው።

አሁን ወረቀት አምጪና አብረን እንደምር። ዋጋው ምንም ባይጨምር እንኳ (ይጨምራል) ከነጻው በላይ ያለው 32 ሺህ ነው። በአራት ዓመት 128 ሺህ። በአንቺ ስም የፌዴራል መንግሥት በአራት ዓመት የሚያበድርሽ ቢበዛ 27 ሺህ ነው። ፓረንት ፕላስ የሚባለው ደግሞ በእኔ ስም ነው የሚያዘው። በአዲሱ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በዓመት ከ20 ሺህ፣ በጠቅላላው ለአንድ ልጅ ከ65 ሺህ አያልፍም። ሦስት ዓመት 20፣ 20 ከወሰድን ለአራተኛው 5 ሺህ ብቻ ትቀራለች። ማለትም ልትመረቂ አንድ ዓመት ሲቀርሽ፣ መተው በማትችይበት ሰዓት፣ እንደገና የባንክ በር ልናንኳኳ ነው። ኮሳይን ፍለጋው ያኔ ይብሳል።

የፕላስ ወለድ ለ2025-26 የትምህርት ዓመት 8.94 በመቶ ነው። ገንዘቡ ከተለቀቀበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። ገና እጃችን ሳይገባም የአገልግሎት ብለው ከ4 በመቶ በላይ ይቆርጣሉ፤ ከ20 ሺሁ ላይ 845 ዶላር እዚያው ይቀራል። በዚያው ዓመት ወለድ የአንቺ 27 ሺህ በአሥር ዓመት ሲከፈል በወር 305 ዶላር ገደማ ነው። የእኔ 65 ሺህ በወር 820። የባንኩን ገና አልነካሁትም።

ደሞዙስ? የመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ የ2024 አኃዝ፣ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂስትና ቴክኒሻን መካከለኛ ደሞዝ በዓመት ወደ 68 ሺህ ዶላር ነው ይላል። የሜካኒካል ኢንጂነር ወደ 102 ሺህ። መካከለኛ ማለት የጀማሪ አይደለም፤ ሃያ ዓመት የሠራውም እዚያ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል 68 ሺሁ ውስጥ የሁለት ዓመት ዲግሪ ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው። ቢሮው የሚቆጥረው የያዝሽውን ሥራ እንጂ ዲግሪሽን አይደለም። የቴክኖሎጂ ዲግሪ ይዞ በኢንጂነር ስም የሚቀጠርም አለ። ስለዚህ ነገሩ ጨለማ አይደለም፣ አክስትሽ እንደምትለውም ብሩህ አይደለም። በ128 ሺህ ዕዳ ግን አያዋጣም። ልጄ፣ ሳላየው እንዳትፈርሚ።

«ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» እና «ኢንጂነሪንግ» አንድ እንዳልሆኑ የነገረሽ አለ? ኤቤት የሚባለው መዛኝ ድርጅት ሁለቱን በተለያየ ኮሚሽን ነው የሚያያቸው። ቴክኖሎጂው እጅ የሚፈታ ነው፤ ላብራቶሪና ወርክሾፕ ይበዛዋል። ሌላው ሒሳብና ንድፈ ሐሳብ ይከብደዋል። የፒኢ ላይሰንስ (የባለሙያ ኢንጂነር ፈቃድ) ስትፈልጊ አንዳንድ ስቴት የቴክኖሎጂ ዲግሪ ያለውን ተጨማሪ የሥራ ዓመት ይጠይቀዋል። በሩን የሚዘጋም አለ።

ይህን ስል አጎትሽ ትዝ ይለኛል። ሳሎን ያለው ፎቶ ላይ ቱታ የለበሰው። ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ነው የተማረው፣ በ1963 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሶቪየቶች እርዳታ የተከፈተው። ከዚያ አንድ ፋብሪካ ገባ። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት አየው ነበር። ካቻቢቴውን ማሽኑ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። «ኩሽኔታው ሄዷል» ካለ ሄዷል። ቺንጊያ ሳይበጠስ ያውቅበታል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ልጆች ሥራውን ከእሱ ይለምዱና በዓመቱ አለቃው ይሆናሉ። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ የጠገነው ማሽን ሪፖርት ላይ የሌላ ሰው ስም አየሁና ለምን አልኩት። «ስኬሉ (የደረጃና የደሞዝ እርከኑ) ነው» አለኝና እንጀራውን ቆረሰ። ሌላ አልተናገረም። በሥራው አላፈረም፤ እኔም አላፍርበትም። ግን ፖሊ ሲገባ ስኬሉ የት እንደሚቆም የነገረው ሰው አልነበረም። አንቺን ሳያይ መሞቱ ይቆጨኛል። ባለፈው የልብስ ማጠቢያው ውሃ አላወርድ ሲል ፓምፑን ፈትተሽ የእናትሽን የፀጉር ማስያዣ ስታወጪ ቢያይሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።

ስለዚህ አትማሪ አላልኩም። የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ሁለቱን ዓመት ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ተማሪ፣ ከቤት እየተመላለስሽ። ከዚያ ኖርፎልክ ወዳለው ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ እለፊ፤ የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ዲግሪ እዚያም አለ፣ ክፍያውም የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው ነው። ኖቫ ስትመዘገቢ ካልኩለሱንና በካልኩለስ የሚሰጠውን ፊዚክስ ውሰጂ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። እሱን ካለፍሽ ግን በኋላ ወደ የትኛውም መዞር ትችያለሽ። ከነጭራሹ ዕዳ ካስጠላሽ ደግሞ ኒውፖርት ኒውስ ያለውን የመርከብ ሥራ አፕሬንቲስ ስኩል እዪው። ከ1919 ጀምሮ እየከፈለ የሚያስተምር ነው። ወገኖቻችን «መርከብ ብየዳ» ብለው ሊያፌዙ ይችላሉ። ይተዉ።

ጓደኞችሽ ዶርም ሲገቡ አንቺ ቤት መቅረትሽ እንደሚያምሽ ይገባኛል። የዚያ ኮሌጅ ሹራብ ገዝተሽ እንደነበርም እናትሽ ነግራኛለች። እሱን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። አሁንም ግን ሳላየው እንዳትፈርሚ፣ ለኮሌጁ መልስ የሚሰጥበት ሜይ 1 ቢደርስም።

ሰኞ ጠዋት የኮሌጁን ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ደውዪ። በነጻ የሚሰጡትን መጨመር ይችሉ እንደሆነ፣ የሰጡሽም አራቱንም ዓመት የሚቀጥል እንደሆነ ጠይቂ። ባለፈው ዓመት ስንቱ ተመርቆ በምን ደሞዝ እንደተቀጠረ፣ መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልሽ ንገሪያቸው። በቃል ከሆነ አልቀበልም። ኮሌጅ ስኮርካርድ የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የትምህርቱን ስም አስገቢና የተመራቂውን ገቢና ዕዳ አንድ ላይ እዪ። የፌዴራል እርዳታ የወሰዱትን ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ግን ከብሮሹር ይሻላል። ወደ ኦልድ ዶሚኒየንም ደውለሽ ከኖቫ የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርልሽ በጽሑፍ ተቀበዪ።

ለአክስትሽ ዛሬውኑ ደውዪላት። እንዳትከፋ፤ አባዬ ከለከለኝ በያት፣ በእኔ አሳብቢ። ዕቁቤ በሰኔ ይደርሰኛል፣ የኖቫን ክፍያ ከእሱ እንጀምራለን። የመኪናሽም ዘይት ጊዜው አልፏል፣ ቅዳሜ አስቀይሪው። ደረሰኙን ያዢ።

አባትሽ