የሮንጌላፕ ሰዎች መነሣት የነበረባቸው ከፍንዳታው በፊት ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1954 ከተደረገ የኑክሌር ቦምብ ሙከራ በኋላ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ማርሻል ደሴቶች የምትገኘውን የሮንጌላፕ ነዋሪዎች ከደሴታቸው ስላነሣበት ሁኔታ ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ጽሑፍ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው በሚያነቡ ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ሲያከራክር ሰንብቷል። ጽሑፉ ጥፋቱን ሁሉ ሰዎቹን ያነሣችው መርከብ ሁለት ቀን በመዘግየቷ ላይ ጥሎ ያልፋል። መዘግየቷ እውነት ነው። ስሌቱን ለሠራ ሰው ግን ዋናው ጥፋት ከዚያ የቀደመ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ካስል ብራቮ» በተባለው ሙከራ የአሜሪካ ሃይድሮጂን ቦምብ እዚያው ማርሻል ደሴቶች ባለችው ቢኪኒ ላይ የፈነዳው ማርች 1 ቀን 1954 ማለዳ ነው፤ በእኛ የካቲት 22፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ። ኃይሉ 6 ሜጋ ቶን (የ6 ሚሊዮን ቶን ፈንጂ ያህል) ገደማ ይሆናል የተባለው 15 ሆኖ አረፈው። ጨረር ያለው የተቃጠለ ኮራል ብናኝ ከፍንዳታው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሮንጌላፕ ላይ መውረድ ጀመረ። በደሴቱ 64 ሰዎች ነበሩ፣ ሌሎች 18 ደግሞ አጠገብ ባለችው አይሊንጊናይ። «ፊሊፕ» የተባለችው አውዳሚ (ዲስትሮየር) የጦር መርከብ ሮንጌላፕ ከነበሩት አብዛኞቹን ያነሣችው ከፍንዳታው 51 ሰዓት ያህል ቆይታ ነው።

እንዲህ ያለ ብናኝ ሲለካ የሚያገለግል አንድ ቀላል ሕግ አለ። ከፍንዳታው ወዲህ ያለው ጊዜ በ7 ሲባዛ የጨረሩ ኃይል ለ10 ይካፈላል። በ1ኛው ሰዓት 100 የነበረው በ7ኛው 10፣ በ49ኛው 1 ይሆናል። ብናኙ በ5ኛው ሰዓት ወረደ ብለን ብናሰላ፣ ሰዎቹ መርከብ ላይ እስኪወጡ ድረስ ከውጭ ካገኛቸው ጨረር ከግማሽ በላዩ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት፣ 80 በመቶ ያህሉ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የደረሰባቸው ነው። በአቅራቢያው ባለችው ሮንጌሪክ ደሴት የነበሩት 28 አሜሪካውያን ከ28 እስከ 34 ሰዓት ባለው ጊዜ በአውሮፕላን ወጥተዋል። ይህን አድልዎ ማንም ሊከላከልለት አይችልም። ሆኖም «ፊሊፕ» በዚያው ሰዓት ብትደርስ እንኳ ከውጭ የሚመጣው ጨረር የሚቀንሰው በአንድ አምስተኛ ገደማ ነበር። የአንድ ቀን ብልጫው ይበልጥ የሚጠቅመው በውሃና በምግብ ወደ ሰውነት የሚገባውን ጨረር ያለው አዮዲን በማሳነስ ነው፤ በኋላ በልጆቹ ታይሮይድ ዕጢ ላይ የታየው ጉዳት የመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

ጸሐፊያችሁ የዘለለው ነገር ይኸውና። በ1946፣ እያንዳንዳቸው ከ20 ኪሎ ቶን (ከ20 ሺህ ቶን ፈንጂ) እምብዛም የማይበልጡ ሁለት ቦምቦች ቢኪኒ ላይ ሲሞከሩ፣ የሮንጌላፕ ሰዎች አስቀድሞ በመርከብ ተነሥተው ሙከራው እስኪያልፍ ሌላ ደሴት ቆይተዋል። በ1954 ቦምቡ እንደተገመተው 6 ሜጋ ቶን ብቻ ቢሆን እንኳ ከነዚያ ከ250 እጥፍ በላይ ይበልጥ ነበር። አሠራሩ ይታወቃል፣ መርከብም አልጠፋም፤ የታጣው ትእዛዝ ነው።

የመርከቡ ዓይነትም ቀላል ነገር አይደለም። በ1946 የቢኪኒ ነዋሪዎችን የወሰደችው ዳርቻ ድረስ የምትጠጋ የጦር ማራገፊያ መርከብ ስለነበረች ጀልባቸውንና የቤታቸውን ዕቃ ጭነው ሄደዋል። አውዳሚ መርከብ ግን ከ5 ሜትር በላይ ጥልቀት ስለምትፈልግ ዳርቻ አትጠጋም፤ ሰው የሚደርስባት በትንሽ ጀልባ ነው። በ1954 ከሮንጌላፕ አቅም ያነሳቸው 16 ሰዎች በባሕር አውሮፕላን ሄዱ፣ የቀሩት 48ቱ ዕቃቸውን ጥለው ተሳፈሩ። በእርግጥ ዕቃው ራሱ ብናኝ የለበሰ ስለነበር ባያመጡት ይሻላል።

መታጠቡስ? ልብስ ማውለቅ ብቻውን ብዙውን ብናኝ ያስወግዳል። ያስቸገረው ጸጉር ነበር። ቅቤ የተቀባ ጸጉር አቧራ እንደሚይዝ ሁሉ የኮኮናት ዘይት የተቀባው ጸጉራቸው ብናኙን አልለቅ ብሎ ደጋግሞ ማጠብ አስፈልጓል። የባሕር ውሃ ደግሞ ሳሙናን አረፋ አያስወጣም፣ መርከብ ላይ ያለው ንጹሕ ውሃም በልክ ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ቁስሉ የወጣው ራስ ቆዳ፣ አንገትና ባዶ እግር ላይ ነው፤ ልብስ የሸፈነው ቦታ በአብዛኛው ከቁስል ተርፏል።

«አዮዲን ያለው ጨው ቢበሉ ኖሮስ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል። አይረዳም። ታይሮይድን ጨረር ካለው አዮዲን ለመከላከል ለአዋቂ የሚሰጠው እንክብል 130 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ ይይዛል፤ በአንድ ኪሎ ጨው ያለው አዮዲን ግን በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊ ግራም ነው። ያን መጠን ለማግኘት ጨው በኪሎ መብላት ሊኖርብን ነው። ለእንቅርት መከላከያ ግን ጨዉ በቂ ነው። እንክብሉም ቢሆን ከብናኙ በፊት ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልተወሰደ ጥቅሙ ይመነምናል።

አንድ እርማት ቀርቷል። ጽሑፉ ነዋሪዎቹ በ1985 ደሴቱን ዳግመኛ ለቀው የሄዱበትንም ጉዞ የባሕር ኃይሉ ሥራ አድርጎታል። ነዋሪዎቹ በ1957 ተመልሰው ነበር። ይሁን እንጂ የኮራል አፈር ፖታሲየም ስለሚያንሰው ኮኮናቱ በምትኩ ከብናኙ የቀረውን ሲዚየም 137 የተባለ ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር ይስባል፤ የዚህ ንጥረ ነገር ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ይፈጅበታል። በ1985 ከ300 በላይ ሰዎችን ከነቤታቸው ቆርቆሮና እንጨት ወደ መጃቶ ደሴት ያመላለሰችው ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መርከብ «ሬይንቦው ዋሪየር» ናት። በሚቀጥለው እትም ቢታረም።

የጨረር መከላከል ባለሙያዎች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ