ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ሙዚቃ ድርብ ዲግሪና ስለ ኤስ ኤ ቲ ፈተና ዕቅድ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
መስከረም 2018 ዓ.ም.

ውድ ወላጆች፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ልጆቻችሁ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገብተዋል። ከመካከላቸው በርከት ያሉት ሙዚቃን ከሌላ ትምህርት ጋር አንድ ላይ መማር እንደሚፈልጉ ነግረውኛል። ኢንጂነሪንግና ቫዮሊን የሚል አለ፤ ባዮሎጂና ፒያኖ የምትል አለች። እንዲህ ላሉ ልጆች በዚህ አገር ድርብ ዲግሪ የሚባል መንገድ አለ። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ተማሪውም ሁለት ዲግሪ ይዞ ይወጣል። ኦሃዮ ያለው ኦበርሊን፣ ቺካጎ አጠገብ ያለው ኖርዝዌስተርን፣ ኒው ዮርክ ግዛት ያለው ባርድ፣ እዚሁ ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ፒቦዲ በዚህ ይታወቃሉ። ቦስተን ያለው ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪም (ኮንሰርቫቶሪ ማለት ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው) ከተፍትስና ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የጋራ ፕሮግራም አለው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የኤስ ኤ ቲ ወይም የኤ ሲ ቲ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በመጪው ጁን እንዲያልቅ አብረን እንሥራ። ኦገስትን ለመጠባበቂያ እንያዘው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ የሙዚቃ መሣሪያው ይሁን።

ምክንያቴ ይህ ነው። ሌላው ልጅ 12ኛ ክፍል ሲገባ የሚጠብቀው ድርሰት መጻፍና ቅጽ መሙላት ነው። ሙዚቀኛው ከዚያ በላይ የቅድመ ማጣሪያ ቪዲዮ አለበት። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ቪዲዮውን የሚፈልጉት በኖቬምበር መጀመሪያና በዲሴምበር መጀመሪያ መካከል ነው፤ ለኦዲሽን፣ ማለትም በመምህራን ፊት ተጫውቶ ለመመዘን፣ የሚጠራውም በቪዲዮው ያለፈ ብቻ ነው። የሚጠየቀው ሥራ ደግሞ እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። አንዱ የባህን ሥራ ይላል፤ ሌላው ኤቲዩድ (የልምምድ ድርሰት)፤ ሌላው የኮንቸርቶ (ለአንድ መሣሪያና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሙዚቃ) የመጀመሪያ ክፍል። አጃቢ ፒያኒስት ማግኘት፣ ድምፁ ደህና የሆነ አዳራሽ መፈለግ፣ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሞ መቅዳት አለ። ኦዲሽኖቹ በአብዛኛው ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ስለሚውሉ፣ ከፈተናው ክፍያ ሌላ የጉዞ ወጪና ከትምህርት ቤት መቅረትም ይኖራል። በዚህ ሁሉ መሀል ኦክቶበር ላይ ለኤስ ኤ ቲ የሚያጠና ልጅ አንዱንም በሙሉ ልቡ አይሠራውም። ጎበዝ ተማሪዎች ቅጂውም ውጤቱም ከአቅማቸው በታች ሲሆንባቸው አይቻለሁ፤ ዘንድሮ እንዲደገም አልፈልግም።

«ኮንሰርቫቶሪ ፈተና አይጠይቅም፣ ለምን ይደክማል?» የሚል ጥያቄ ከአንዳንዶቻችሁ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ኮንሰርቫቶሪዎች የሚመዝኑት የመሣሪያ አጨዋወቱን ነው። ድርብ ዲግሪ ግን በሁለት ወገን ተመዝኖ በሁለቱም መቀበልን ይጠይቃል፤ የኮሌጁ ወገን ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጆንስ ሆፕኪንስን ተመልከቱ። በወረርሽኙ ጊዜ ትቶት የነበረውን ፈተና ከ2026 እ.ኤ.አ. ገቢ ተማሪዎች ጀምሮ እንደገና ግዴታ አድርጎታል። ሃርቫርድም ከ2025 ገቢ ተማሪዎች ጀምሮ መልሶታል። ኦበርሊን፣ ባርድና ተፍትስ ግን ውጤት መላክን ለአመልካቹ ትተውታል። ዩ ሲ ኤል ኤን ጨምሮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ውጤቱ ቢላክላቸው እንኳ ለመቀበል አያዩትም። ስለዚህ ልጁ ገና በ11ኛ ክፍል «አያስፈልገኝም» ብሎ ከወሰነ፣ በዓመቱ የሚወዳቸውን ትምህርት ቤቶች ሳያውቀው ከዝርዝሩ አውጥቷቸዋል ማለት ነው። ሕጉ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የዘንድሮ መመሪያ ከልጆቹ ጋር አንድ በአንድ እናያለን።

አብዛኞቻችን ማትሪክ ተፈትነን ያደግን ነን። አንድ ፈተና፣ አንድ ውጤት፣ ከዚያ ዕጣ ፈንታ። ያ ፍርሃት እስከ ዛሬ በቤታችን አለ፤ ልጆቹም ይሰማቸዋል። ኤስ ኤ ቲ ማትሪክ አይደለም። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይሰጣል፤ ብዙ ኮሌጆችም ከተለያዩ ቀናት የየክፍሉን የተሻለ ውጤት መርጠው ይወስዳሉ። ማርች ላይ የመጀመሪያውን፣ ሜይ ወይም ጁን ላይ ሁለተኛውን ይፈተን፤ ከዚያ በላይ መደጋገም ለአብዛኛው ልጅ ብዙ አይጨምርለትም። ውጤቱ እንደወጣ የሚቀድመው ነገር ልጁን መቆጣት ሳይሆን የሚያመለክትባቸው ቦታዎች ከተቀበሏቸው ተማሪዎች ውጤት ጋር ማስተያየት ነው።

ታላቅ ልጅ ያስፈተናችሁ ወላጆች፣ ፈተናው መለወጡን ልብ በሉ። ኤስ ኤ ቲ ከማርች 2024 ጀምሮ በዚህ አገር በኮምፒውተር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ሁለት ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከ1600 ይታረማል። ኤ ሲ ቲም ከ2025 ጀምሮ አጥሯል፤ የሳይንሱ ክፍል በምርጫ ሆኗል። ልጃችሁ የትኛው እንደሚስማማው ለማወቅ ከገና በፊት ሁለቱንም የልምምድ ፈተና ቤት ውስጥ ሰዓት ይዞ ይሞክር። ለኤስ ኤ ቲ ልምምድ ካን አካዳሚ በነፃ ይገኛል፤ ከዚያ በፊት ለውድ ኮርስ ገንዘብ አታውጡ። ያ ገንዘብ ለአጃቢውና ለጉዞው ያስፈልጋል።

ስለ ክፍያ ማንም እንዳይሸማቀቅ። ልጁ በትምህርት ቤቱ ነፃ ወይም ቅናሽ ምሳ የሚያገኝ ከሆነ ኤስ ኤ ቲን ሁለት ጊዜ በነፃ መፈተን ይችላል፤ ከብዙ ኮሌጆች የማመልከቻ ክፍያም ነፃ ይሆናል። ይህን የሚሰጠው የሐይስኩሉ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ነው፤ ልጁ አፍሮ ሳይጠይቅ እንዳይቀር እናንተ ጠይቁ። አምስት ዓመት ማለት ከአራት ዓመት አንድ ዓመት ተጨማሪ ወጪ መሆኑንም አስቡበት። የኮንሰርቫቶሪው ስኮላርሺፕ በዋናነት ኦዲሽኑን ያያል፤ አንዳንድ ኮሌጆች ግን ለራሳቸው ስኮላርሺፕ የፈተና ውጤትንም ይመዝናሉ። መላክ በፈቃድ በሆነበት ቦታም ጥሩ ውጤት ዋጋ የሚኖረው በዚህ ነው።

እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ልጃችሁ ከመሣሪያ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ የትምህርት ቤቶችን የመጀመሪያ ዝርዝር ይስጠን፤ ርዝመቱ አያሳስባችሁ፣ በኋላ እናሳጥረዋለን። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ቢሮዬ ክፍት ነው። ቅዳሜ ሥራ የምትገቡ፣ በተለይ የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ፣ በልጁ በኩል የሚመቻችሁን ሰዓት ላኩልኝ፤ በስልክ እንነጋገራለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር