ፎቶው ለምን ብዥ አለ? የፎቶግራፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መስከረም 16 ማታ የሰፈራችን ደመራ ሲለኮስ የክበባችን ልጆች ካሜራ አንግተው እዚያው ነበሩ። ከዚያ በፊት የተሰበሰብነው አንድ ቀን ብቻ ነው። ካሜራው ሁለት፣ ልጆቹ 19። እየተቀባበሉ 200 ያህል ፎቶ አነሱ።

ከበዓሉ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ ከፈትናቸው። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሲታዩ ልጆቹን ያስጨበጨቡ ፎቶዎች ሰፋ ብለው ሲመጡ ሌላ ሆኑ። የእሳቱ ፍንጣሪ እንደ ክር ተጎትቷል። ችቦ የያዘው ልጅ ፊት አይለይም። እናቶች እያጨበጨቡ የሚዘፍኑበት፣ ሁላችንም የጓጓንለት ፎቶ፣ ጭጋግ ውስጥ የተነሳ ይመስላል። ለመጽሔት የሚሆን ስንፈልግ 11 ብቻ አገኘን።

"ቲቸር፣ ካሜራው አሮጌ ስለሆነ እኮ ነው" አለኝ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

አሮጌነታቸው እውነት ነው። አንዱ ካኖን፣ አንዱ ኒከን፤ ሁለቱም ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ዙም የሚያደርግ ሌንስ ያላቸው፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን የሰጡን ናቸው። ግን 11ዱ ጥርት ያሉ ፎቶዎችም የተነሱት በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ማታ ነው። ታዲያ እነሱ ላይ ምን የተለየ ነገር ተደረገ? የዓመቱ ሥራችን ከዚህ ጥያቄ ወጣ።

መጀመሪያ የተስማማነው ብዥ ያለ ፎቶ እንዳይሰረዝ ነው። ይህን አጥብቄ የያዝኩት አውቄ ነው። ተማሪ የተበላሸ ፎቶ ሲያይ ያፍርና ቶሎ ያጠፋዋል። ፎቶው ግን ምን እንደነካው ራሱ ይናገራል። አስጠግታችሁ እዩት። ግድግዳውም ሰውዬውም አንድ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ ተስበው ከሆነ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰውዬው ብቻ ከተሳበ የተንቀሳቀሰው ሰውዬው ነው። ምንም የተሳበ ነገር ሳይኖር ሰውዬው ደብዝዞ ከኋላው ያለው አጥር ከጠራ ደግሞ ፎከሱ ሌላ ቦታ ሄዷል። ሦስቱንም "ብዥ ብሏል" እንላቸዋለን። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ልጆቹ ሦስት ፎልደር ከፈቱ፦ "እጅ"፣ "ሰው"፣ "ፎከስ"። የደመራው ፎቶ አብዛኛው "እጅ" ውስጥ ገባ። ካሜራ እያንዳንዱ ፎቶ በምን ሻተር ስፒድ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ (ሻተሩ) ለምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ፣ እንደተነሳ መዝግቦ ያስቀምጣል። ገልጠን አየን። 1/6፣ 1/8፣ 1/10 ሰከንድ። ሻተሩ ያን ያህል ተከፍቶ ሲቆይ የማንም እጅ ቀጥ ብሎ አይጠብቀውም። 11ዱ ግን እሳቱ ቦግ ባለበት ሰዓት፣ ቀረብ ተብሎ፣ በ1/60 እና በ1/80 የተነሱ ነበሩ።

ፎቶ አንሺዎች ከፊልም ዘመን ጀምሮ የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። በእጅ ይዛችሁ ስታነሱ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1/50 ሰከንድ አትዘግዩ፣ በ200 ከ1/200 አትዘግዩ ይላል። የእኛ ካሜራዎች ሴንሰራቸው፣ በፊልም ፋንታ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ከፊልሙ ስለሚያንስ ቁጥሩን በኒከኑ በ1.5፣ በካኖኑ በ1.6 እናበዛዋለን። 55 ሲበዛ በ1.6፣ 88። ስለዚህ ካኖኑ ሙሉ ዙም ሲደረግ 1/100 ይፈልጋል። ዙም ሳይደረግ፣ በ18፣ 1/30 ይበቃዋል። በዚያ ላይ የእኛ ሌንሶች እስከ ጥግ ዙም ሲደረጉ የሚያስገቡት ብርሃን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ማታ ራቅ ብሎ ዙም ያደረገ ልጅ ሁለት ጊዜ ተጎዳ ማለት ነው። "ከዙም እግር ይሻላል" ብለው ልጆቹ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። እስከ ሰኔ አልተጠፋም።

ኅዳር ላይ የሠራነውን ሙከራ ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ነገር በዓይን ታይቶ ሲገባ እወዳለሁ። ለገለጻ የምንጠቀምባትን ትንሽ ሌዘር ካሜራው ላይ በፕላስተር አሰርን። መጋረጃውን ዘጋን። ወደ ሰው ዓይን ማዞር ክልክል መሆኑን አስጠንቅቄ፣ ከግድግዳው አምስት ሜትር ርቀን ቆምን። የመጀመሪያው ልጅ ካሜራውን በአንድ እጁ ወደፊት ዘርግቶ ያዘ። ቀይዋ ነጥብ ግድግዳው ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቦታ ላይ ትጨፍር ጀመር። ክፍሉ ሳቀ። ክርኑን ጎኑ ላይ አስደግፎ፣ ግራ መዳፉን ከሌንሱ ሥር አድርጎ፣ አንድ እግሩን ቀደም አድርጎ ሲቆም ጭፈራው አንድ ሳንቲም የምታህል ቦታ ላይ ተወሰነ። ትከሻውን ግድግዳ ሲያስደግፍ ከዚያም አነሰ።

ዋናውን ነገር ያየነው ግን ቀጥሎ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነጥቧን ጥሩ አድርጋ አቆመቻትና ቁልፉን ጫነች። ቀድሞ እንደለመደችው፣ ቸብ አድርጋ። ነጥቧ ወደ ታች ዘለለች። ካሜራውን የነቀነቀው ያው ፎቶውን የሚያነሳው ጣት ነው! ደጋግማ ሞከረች። ትንፋሿን አውጥታ፣ ቁልፉን ግማሽ ተጭና፣ ፎከሱ ጢጥ ሲል ሳትለቅ ቀስ ብላ ጨረሰችው። ነጥቧ ከቦታዋ አልተነሳችም። "ቲቸር፣ መርፌ ላይ ክር እንደማስገባት ነው" አለችኝ። ከእኔ ማብራሪያ ሁሉ ጓደኞቿ የያዙት ይህን ነው።

ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ የለንም። አንዲት እናት ካረጀ ጂንስ ከረጢት ሰፍተውልን አንድ ኪሎ ምስር ሞላንበት። አጥር ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ካሜራው ላዩ ላይ ይሰጥማል። ከዚያ ታይመሩን ሁለት ሰከንድ ሞልቶ እጅን ማንሳት ነው። በዚህ ዘዴ ጥር ላይ የከተማውን መብራት በሁለት ሰከንድ ሻተር አንስተናል፤ ገጽ መሃል ላይ ታዩታላችሁ።

የምስሩ ከረጢት ሌላም ውለታ ውሎልናል። ለልጆቹ ስለ አንድ የቆየ ፎቶ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1838 ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና ከፎቅ መስኮት ሆኖ አነሳ። በዚያ ዘመን ለአንድ ፎቶ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ሰውና ጋሪ የሚተራመስበት መንገድ ፎቶው ላይ ጭር ብሎ ወጣ፤ የተንቀሳቀሰ ሁሉ ጠፋ። የቀረው ጫማውን ለማስጠረግ እግሩን አንስቶ የቆመ አንድ ሰው ነው። ፎቶ ላይ ከታዩ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ይህን ሲሰሙ አንዱ ልጅ "እኛም ጋ ሊስትሮ አለ" አለና በማግስቱ ወጣን።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የሚሠራውን ልጅ አስፈቀድነው። አንዱ ተማሪ ጫማውን አስጠረገ፣ ሒሳቡንም ከፈለ። ከረጢቱን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አድርገን በ1/15 ሰከንድ አነሳን። ጫማው፣ ሣጥኑ፣ የቀለሙ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ጥርት ብሏል። የሊስትሮው እጅና ብሩሹ ግን ወደ ጭስነት ተለውጠዋል። ፍጥነቱ ይታያል። ከዓመቱ ሥራ በጣም የምወደው ይህን ፎቶ ነው። ብዥታው እኛ በፈለግንበት ቦታ ብቻ ነው የወደቀው።

ኒከኑ ታኅሣሥ ላይ "ተበላሸ" ተብሎ መጣልኝ። በዓይን ሲታይ ሁሉ ነገር ደብዝዟል። ልጆቹ ለጥገና ብር ሊያዋጡ ነበር። ያነሳናቸውን ስናይ ፎቶዎቹ ደህና ናቸው። ከማያ ቀዳዳው አጠገብ አንዲት ትንሽ ጎማ አለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው ዓይን የምትስተካከል። መነጽር የሚያደርግ አንድ ተማሪ ለራሱ አስተካክሏት ነበር። ማያው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ጥርት እስኪሉ ማዞር ብቻ ነው። አሁን ካሜራ የሚረከብ ሁሉ መጀመሪያ እሷን ያያል። ቀጥሎ ሌንሱን። ጣት የነካው ሌንስ ፎቶውን ሁሉ እንደ ወተት ያለብሰዋል። በሸሚዝ ጫፍ መጥረግ ግን ይጭረዋል፤ ለስላሳ የመነጽር ጨርቅ ገዝተናል።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። የበር ጥበቃችን ጋሼ ዘንድሮ ጡረታ እንደሚወጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታኅሣሥ ላይ አንዲት ተማሪያችን በሩ አጠገብ አቁማ አነሳቻቸው። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ነበር የቆሙት። ፎቶው ሲከፈት የበሩ ብረት፣ ዝገቱ ሳይቀር፣ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። የጋሼ ፊት ግን ደብዝዟል። በሩ እንዲታይ ብላ እሳቸውን ወደ ጎን ስታደርግ መሃል ላይ ያለችው የፎከስ ነጥብ በሩ ላይ አርፋ ነበር። ልጅቷ እንባዋ መጣ። ጋሼ ፎቶውን ረጋ ብለው አዩና "ይሁን ልጄ፣ በሩም የእኔ ነው" አሏት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሰው ብቻ አነሳች። ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ መተው አቆመች። አንድ ነጥብ ትመርጣለች፣ ቀረብ ያለው ዓይን ላይ ታሳርፋለች፣ ግማሽ ትጫናለች፣ ትጠብቃለች። አንሥታም ወዲያው ስክሪኑ ላይ እስከ ጥግ አስጠግታ የዓይን ሽፋሽፍት ትፈልጋለች። ሽፋሽፍቱ ካልተለየ እንደገና። መጋቢት ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይዋ ገና ለስላሳ ሳለች፣ ጋሼን ድጋሚ አቆመቻቸው። የዚህ መጽሔት የጀርባ ሽፋን ያ ፎቶ ነው። የአንሺዋን ስም ግርጌው ላይ ታገኙታላችሁ።

የስፖርት ቀን ሌላ ፈተና ነበር። ሌንሱ ላይ ያለውን የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ፣ ካኖን አይኤስ፣ ኒከን ቪአር የሚለውን፣ አብርተው "አለቀ" ብለው የወጡ ነበሩ። ማረጋጊያው የእናንተን እጅ ነው የሚያግዘው፤ ሯጩን አያቆመውም። ሰሌዳ ላይ አሰላነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ልጅ በ1/60 ሰከንድ ውስጥ 8 ሴንቲሜትር ይሄዳል። በ1/500 ግን 1 ሴንቲሜትር ብቻ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሻተሩን 1/500 ላይ አድርገው፣ ፎከሱን የሚንቀሳቀሰውን ሰው እየተከተለ በሚያስተካክለው ላይ አድርገው፣ ሦስት ሦስት እያከታተሉ አነሱ። የ400 ሜትሩን አሸናፊ ገመዱ ደረቷ ላይ ሲበጠስ ይዘናታል።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን በአዳራሹ ተከበረ። አዳራሻችን ጨለማ ነው። የካሜራው ትንሽ ፍላሽ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሚደርስ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ምንም አይሠራም። የቀረን አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ማሳደግ ነበር። ልጆቹ አይኤስኦ ይፈሩ ነበር፤ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላልና። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋሜ ግልጽ ነው። አሸዋ ያለበት ፎቶ ላይ እናት ልጇን ትለያለች። በተሳበ ፎቶ ላይ አትለይም፤ በኮምፒውተርም ብትደክሙ መልሳችሁ አታጠሩትም። በ400 አይኤስኦ ሻተራችን 1/15 ነበር። ወደ 3200 ስናሳድገው 1/125 ሆነ። መድረክ ላይ ቆሞ ሽልማት ለሚቀበል ሰው ይህ ይበቃል። ለእስክስታው አልበቃም። ስለዚህ ልጆቹ ጭፈራው ቆም የሚልባትን ቅጽበት፣ ትከሻው ተነስቶ ከመመለሱ በፊት ያለችውን፣ መጠበቅ ለመዱ። የዚያን ቀን ወደ 300 ፎቶ ተነሳ። 240ው ለወላጆች የሚሰጥ ሆነ።

ጋሼም ፎቶአቸውን በዚያው ቀን በ20 በ30 ታትሞ ተቀበሉ። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለልጅቷ መልሰው ዘርግተው "እዚህ ጋ ፈርሚልኝ" አሏት።

የመስከረም ምዝገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይሆናል። የምንገናኘው ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ነው። ካሜራ ያለው ያምጣ፣ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ። ሦስቱ ፎልደሮች እንዳሉ ናቸው፤ አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ቀን "እጅ" የሚለውን ከፍተው የደመራውን ፎቶዎች ያያሉ። ባትሪዎቹን ቻርጅ የሚያደርጉ ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ተመድበዋል። ደመራው ቅርብ ነው።