የጊፕሪ-ሜሳክ ጎረቤቶቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ጎርፍ ያበላሸው ምድር ቤታችን ትናንት ቀለም ተቀብቶ አለቀ። ጀበናዬን ቦታዋ መለስኳት። ሌላ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ማመስገን አለብኝ።

የምኖረው ፈረንሳይ፣ ብሬታኝ ውስጥ ነው። ጊፕሪ-ሜሳክ ከሬን ከተማ በስተደቡብ ያለች ትንሽ የወንዝ ዳር ከተማ ናት። ጊፕሪ በአንድ በኩል፣ ሜሳክ በሌላ በኩል፣ መሃላቸው የቪሌን ወንዝ። እስከ 2016 የየራሳቸው ማዘጋጃ ቤት ነበራቸው። ድሮ ከባሕር የሚመጣ ጨው በጀልባ ጊፕሪ ወደብ ይራገፍ ነበር። ዛሬ ወደቡ ላይ የሽርሽር ጀልባዎች ይቆማሉ፣ ሰው ዓሣ ያጠምዳል። ቪሌን ብዙ ጊዜ የሚፈስ እንኳ አይመስልም።

በ2025 ጃንዋሪ መጨረሻ፣ ልክ ከጥምቀት በሳምንቱ፣ ያ ሁሉ ተለወጠ። ዝናቡ አላባራ አለ። መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ጠጥቶ ጠግቧል። ሜ፣ ሴሽና ስምኖን የሚባሉት ገባሮች ደግሞ ያላቸውን ሁሉ ከላይ እያመጡ ቪሌን ላይ ገለበጡት። ክፍለ ሀገራችን በቀይ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገባ። ውሃው መጀመሪያ የአትክልቱን ቦታ ያዘ። ከዚያ በበሩ ሥር ገባ።

እናቴ ከደሴ ልትጠይቀኝ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ጉልበቷን ያማታል። አንድ ወጣት የእሳት አደጋ ሠራተኛ አዘላትና ወደ ጀልባው ወሰዳት። እሷ ጀርባው ላይ እንዳለች መመረቅ ጀመረች። "እደግ፣ ተመንደግ፣ የእናትህ ዓይን ይይህ።" ልጁ አንድ ቃል አልገባውም። ግን ጸሎት መሆኑን አውቆ፣ ውሃው ጭኑ ድረስ ደርሶ፣ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቃት። ስሙን አልጠየቅኩትም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ውሃው ሲሸሽ የቀረው ደለልና የማሞቂያ ናፍጣ ሽታ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሬ ላይ ስድስት ሰዎች አካፋ ይዘው ቆመዋል። ሁለቱ የራሳቸው ቤት ገና አልተጠረገም። "እናንተስ?" ስላቸው "የእኛ ይደርሳል፣ እናንተ ጋ አሮጊት አሉ" አሉኝ።

ከወዲያኛው ማዶ ያሉት አዛውንት ጎረቤታችን የ1995ን እና የ2001ን ጎርፍ ያዩ ናቸው። ምድር ቤቱን ቶሎ በፓምፕ ላድርቅ ስል የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው። ውጪ ያለው መሬት ውሃ እንደያዘ ውስጡን ባዶ ካደረግሽ ግድግዳው ይገፋል፣ ሊፈርስም ይችላል አሉኝ። ልስኑንም እንዳልቸኩልበት፣ ድንጋዩ ወራት እንደሚፈልግ ነገሩኝ። ቤቴ ዛሬ የቆመው በእሳቸው ምክር ነው።

ባለቤታቸው ደግሞ ሲኒዎቼን ከጭቃ አንድ በአንድ ለቅመው በጥርስ ብሩሽ አጠቡልኝ። አሥራ ሁለት ነበሩ፣ አሥራ አንዱን አገኙ። የሠርጌን ፎቶዎች ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅለው አደረቁልኝ።

ሌላዋ ጎረቤቴ የኢንሹራንሱን ወረቀት አብራኝ ሞላች። እዚህ አገር መንግሥት የከተማሽን ጎርፍ የተፈጥሮ አደጋ ብሎ ካላወጀ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ከታወጀ በኋላ ደግሞ ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። እሷ ባትኖር ቀኑ ያልፈኝ ነበር።

ለሁለት ሳምንት በየማታው አንድ ሰው ትኩስ ጋሌት ያመጣልን ነበር፣ እዚህ "ጥቁር ስንዴ" ከሚሉት እህል የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው። እናቴ "ያልቦካ እንጀራ" አለችው። ግን ሁለት ሁለት ትበላ ነበር።

ከሬን በባቡር መጥታችሁ ምንጣፍ ያወጣችሁልኝ የአገሬ ልጆች፣ በየቀኑ ስትደውሉ የነበራችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

ለጎረቤቶቼ በፈረንሳይኛ ለየብቻ ጽፌላቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ። እናቴ በስልክ ትመርቃለች፣ ልጄ ትተረጉማለች። የእሳት አደጋ ጣቢያው በር ላይም የጥሪ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ምናልባት ያ ልጅ ይመጣል።